እጅጌ ላይ የተለካ በረዶ

ለምወድህ ወንድሜ ለሃልቮር፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? በዚያ ባሕር ላይ ብርዱ እንዴት ይዞሃል? መረብ መሳብ የሚያሳብጠው እጅህስ ተሻለው? መርከባችሁ በሰላም ወጥታ በሰላም ትገባለች ወይ? እኔ እህትህ ሲግኒ በአካል ደህና ነኝ፤ ሐሳቤ ግን ደህና አይደለም። ስልክህ ባሕር ላይ ስለማይሠራ ይህን ወደ ወደቡ እልከዋለሁ፤ ስትመለስ ይጠብቅህ። ነገር አላዞርብህም፤ የአባባ ጉዳይ ነው።

እማማ ካረፈች ወዲህ እርሻው ላይ ብቻቸውን እንደሆኑ ታውቃለህ። ጉልበታቸው ቢደክምም የመነጋገሪያ ሬዲዮናቸውን አልተዉም። ክፉ አየር በመጣ ቁጥር እኛ የሬዲዮ በጎ ፈቃደኞች በየቤታችን ሆነን ያየነውን እንናገራለን። እኔ ከተማ ሆኜ የመናገር ተራ አስከብራለሁ፤ የተነገረኝንም ለአየር ጠባይ ጣቢያው አስተላልፋለሁ። ደንቡን ለአካባቢው ሁሉ ያስተማሩት አባባ ናቸው። በዓይንህ ያላየኸውን፣ በማስመሪያ ያልለካኸውን አትናገር። ለወሬ የማይበቃ ከሆነ ዝም በል፤ ዝምታ ማለት አዲስ ነገር የለም ማለት ነው። የቤት ጉዳይ መስመር ላይ አይነሳም፤ ሰውም በሬዲዮ መለያው እንጂ በስሙ አይጠራም። ልጅ ሳለን እራት ቀርቧል ብዬ በሬዲዮ ብጠራቸው ሳምንት ሙሉ እንዳኮረፉኝ ትዝ ይልሃል?

ባለፈው ወር አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ያ መሬት ሲነካ በረዶ የሚሆነው ዝናብ ጣለ። አባባ ከሁሉ ቀድመው ገቡ፤ የአጥሩ ሽቦ ላይ ሩብ ኢንች ለክቻለሁ አሉ። ተቀብዬ አስተላለፍኩ። ከዚያ ጠፉ። እኔም ዝምታቸውን እሳቸው እንዳስተማሩኝ ተረጎምኩትና ወደ ሌሎቹ ዞርኩ። ጎረቤታቸው ሎሬታ የመብራት ምሰሶ መውደቁን ነገረችኝ፤ ሌላው ዛፍ ተገንጥሎ መንገድ ዘግቷል አለኝ። እንዲህ እንዲህ ስንል ሰዓቱ ነጎደ።

ቀኑ ሊጨልም ሲል አባባ ተመለሱ። ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። ግማሽ ኢንች አሉ። ሽቦ ላይና ቅርንጫፍ ላይ የሚይዘው ስለሚለያይ ምን ላይ እንደተለካ መጠየቅ ደንብ ነውና ጠየቅኋቸው።

«የካፖርቴ እጅጌ ላይ» አሉ።

መጻፍ ጀምሬ ነበር፤ እጄ ቀጥ አለ። የሚንቀሳቀስ ሰው ልብስ ላይ በረዶ ያን ያህል አይጋገርም፤ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል።

«አባባ፣ የት ነው የወደቁት?»

«መስመር ላይ ነን፤ አባባ የሚባል መለያ የለም» አሉ። ከዚያም፣ «ከጎተራው ጀርባ። ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ ነው» ብለው ጨረሱ።

ሎሬታ ሰምታ ኖሮ ያለ ተራዋ ገብታ ትራክተሯን ላስነሳ ነው አለች። ስትደርስ የወረደውን በረዶ ከሚለኩበት ነጭ ሳንቃ አጠገብ ተዘርረው አገኘቻቸው። ዳሌያቸው ተሰንጥቋል፤ የእጅ ሬዲዮው ደረታቸው ላይ፣ ማስመሪያው እጃቸው ላይ ነው። ልታነሳቸው ስትጎነበስ ሳንቃውን እንዳትረግጥ ተቆጧት። ሆስፒታል ሄጄ፣ እንደወደቁ ለምን አልጠሩኝም ብዬ አለቀስኩባቸው። የተጠየቅኩት በረዶ ነው አሉኝ። ሃልቮር፣ ይህን አስብልኝ፤ የወደቁት ሩቡን እንደነገሩን ነው። ከዚያ በረዶው ለወሬ እስኪበቃ ድረስ እጅጌያቸውን እየለኩ ዝም ብለው ጠበቁ።

ክፋቱ ደግሞ እውነት አላቸው። የጣቢያው ራዳር ሩቅ ስለሆነ በእርሻው አናት አልፎ ደመናውን እንጂ መሬቱን አያይም፤ ከእሳቸው ወዲያ እስከ ካናዳ ድንበር የሚለካ ሰው የለም። የሰሜኑን መንገድ ያስዘጋችው ያቺው ግማሽ ኢንች ናት፤ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ተማሪዎችን የጫነ አውቶቡስም በእሷ ምክንያት ከመንገድ ተመለሰ። ይህን ከሰሙ ወዲህ ማን ይቻላቸው? ብርዱ የበላው ሁለት ጣታቸው ተቆርጦ፣ በምርኩዝ እየተጎተቱ፣ ባለፈው ሳምንት ወደ እርሻው ተመለሱ።

አሁን ሌላ እየመጣ ነው። ጣቢያው ከነገ ጠዋት ጀምሮ ዓይን የሚጋርድ የበረዶ ውሽንፍር ጠብቁ ብሎናል፤ ብርዱም የዘንድሮው ክፉ ነው። ዛሬ ጠዋት ሄጄ እኔ ዘንድ እንዲሰነብቱ ለመንኳቸው። ሎሬታም የጋገረችውን ድንችና ሥጋ ይዛ መጥታ አገዘችኝ። ምግቡን በሉ፤ እኛን እምቢ አሉ። እንግዲያው የሚነገር ባይኖርም በየሰዓቱ አለሁ ይበሉኝ አልኳቸው። «ምንም ሳይኖር አፍ መክፈት የምርጫ ተወዳዳሪ ሥራ ነው» ብለው ሳቁብኝ። መኪናዬን አስነስቼ ዞር ስል ከበሩ እስከ ነጩ ሳንቃ ገመድ እየወጠሩ ነበር፤ በውሽንፍሩ ውስጥ እሱን ይዘው ሊወጡ ነው።

ይህን የምጽፍልህ ሬዲዮው አጠገብ ተቀምጬ ነው። ሰማዩ ገና ጥርት ያለ ነው፤ የጎረቤት ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ተራ ማስከበሩንም የምጀምረው ነገ ነው። ግን አሁን፣ ስለ ገመዱ ጽፌልህ ሳልጨርስ፣ የአባባ ድምፅ መጣ።

«ሲግኒ» አሉ። «የሚነገር የለም። ትሰሚኛለሽ?»

እሰማዎታለሁ አልኳቸው። እሺ ብለው ጠፉ። ጥቂት ቆይተው ያንኑ ደግመው ጠየቁኝ፤ ደግሞም በስሜ። ወንድሜ፣ አባታችን ፈርተዋል። ከተወለድኩ ፈርተው ሰምቻቸው አላውቅም፤ እኔም ከእሳቸው ይልቅ ፈራሁ። ስለዚህ ተራ ማስከበሩን ለሌላ ሰው ሰጥቼ፣ ይህን ፖስታ ቤት ጥዬ፣ ሳይመሽ እርሻው እገባለሁ። አልወጣም ካሉ አብሬያቸው እሆናለሁ።

ሎሬታ ሰላም ብላሃለች፤ ትራክተሯን ነዳጅ ሞልታ አቁማልናለች። አባባም፣ ባይሉኝም፣ ሰላም ብለውሃል። አብሳያችሁን ኦቶን፣ ካፒቴናችሁንና ባልደረቦችህን ሁሉ ሰላም በልልኝ። ይህ ደብዳቤ እጅህ ሲገባ ውሽንፍሩ አልፏል፤ በዚያው ቀን ወደ እርሻው ደውል። አባባ ካነሱት ተቆጣቸው። እኔ ካነሳሁት ምንም ሳትጠይቅ ና። ማንም ካላነሳው ግን፣ አደራህን፣ አዲስ ነገር የለም ብለህ እንዳትተረጉመው።

እህትህ ሲግኒ
ራግቢ፣ ኖርዝ ዳኮታ
የካቲት 4 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ