ቀዩ የበዛበት ምክንያት

ለወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? አየሩ ተስማማህ? ሥራው፣ ቤቱ፣ ሁሉ ደህና ነው? እኛ ደህና ነን። እማማን ጉልበቷን ያማታል፤ አንተ ስላልጠየቅክ እኔ ልንገርህ ብዬ ነው። ደብዳቤህ ከላይ እስከ ታች ስለዚያ የቀለም ቦርድ ብቻ ነበር።

የአጎታችን ልጅ አንተ ዘንድ ሰንብቶ ሲመለስ በቀጥታ አባባ ሱቅ መጣ። ቴሌቪዥን እየጠገንን ነበር። «ወንድምሽ ጉድ ሠራ እኮ፤ ያንን ጥቁርና ነጭ ኮምፒውተር ባለቀለም አደረገው። አለቃው ቦርዱን በብዛት ሊያመርትለት ነው። አንቺም እዚህ አቧራ ከምታራግፊ ከእሱ ብትማሪ» አለኝ። እኔ ብየዳዬን ቀጠልኩ። አባባ ግን «የትኛው ልጄ? ፊውዝ ልቀይር ብሎ ሰፈሩን ያጨለመው?» ሲል ጠየቀው።

ቦርዱን የሰጠሁህ ለጓደኞችህ እንድታሳይልኝ ነበር። እያንዳንዷን ሽቦ የበየድኩት እኔ ነኝ። አንተ ሶፋው ላይ ተጋድመህ «ጨዋታውን ጥቁርና ነጩም ያጫውታል፤ በከንቱ ዓይንሽን ታጠፊያለሽ» ትለኝ ነበር።

አሁን ደግሞ በአለቃህ ቴሌቪዥን ላይ ቢጫው ለምን ብርቱካን፣ ነጩ ለምን ሮዝ እንደሚሆን ትጠይቀኛለህ። ሠሪው አንተ ብትሆን ኖሮ አትጠይቅም ነበር። ቦርዱን የሞከርኩት በቤታችን ቴሌቪዥን ነው። እሱ አርጅቶ ቀዩ ደክሟል፤ ዜና አንባቢው ሳይቀር የታመመ ይመስላል። ያንን ለማካካስ ቀዩን ሆን ብዬ አጠነከርኩት። ጤነኛ ቴሌቪዥን ላይ ሲገባ ይበዛል። በዚያ ቴሌቪዥን ፊት አድገህ ይህ እንኳ አልታየህም።

የሚቀየረው የቀዩን መጠን የሚወስን አንድ ሬዚስተር ነው። የትኛው እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። አድራሻውን ከአጎታችን ልጅ ተቀብዬ ለአለቃህ ራሱ ከነሥዕሉ ጽፌለታለሁ፤ ከሥሩም ስሜን ፈርሜያለሁ። ከዚህኛው ጋር አብሮ ፖስታ ቤት ይገባል። ማን እንደሠራው ቀድመህ በራስህ አፍ ብትነግረው ይቀልሃል። ካልነገርከው በሰው ፊት ያነብልሃል፤ እኔም አላዝንልህም።

እማማ «ይብላ፣ እንዳይከሳ» ብላለች፤ ነገሩን ገና አልነገርናትም። ሚጢጢዋ እህታችን ናፍቀኸኛል ትላለች፤ ጫማዋን እንዳትረሳ። አባባን «ሰላምታህን ልጻፍለት ወይ?» ብዬ ብጠይቀው ካቻቢቴውን አስቀምጦ «መጀመሪያ ለአለቃው ይንገር» አለኝ። የእኔም ሰላምታ እስከዚያው እዚሁ ይቆይ።

እህትህ
ከአባባ ሱቅ፣ ሰኞ ጠዋት