ምን ጎደለን፣ ልጄ

ሰኞ
ዛሬም ሳንሄድ ቀረን። ባለቤቴ ደረጀ ከሕንፃ ሥራ ላይ ከወደቀ ወዲህ ለእግሩ ዘነበወርቅ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ይከታተላል። ሚኒባስ ላይ መውጣት አይችልም፤ ከሰፈራችን ከቀራንዮ ኮንትራት ታክሲ ግድ ነው። ባለታክሲው ደግሞ፣ "ነዳጁ ጨመረ እኮ እህቴ፣ በድሮው አያዋጣኝም" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ምን ልበለው? ሐኪሟ ግን ካቋረጠ እግሩ እንዲሁ ደርቆ ይቀራል ብላናለች።

ወረዳው የነዳጅ ጭማሪው ለከበደባቸው ቤተሰቦች የትራንስፖርት ድጎማ ሊሰጥ ነው። ነገ ኮሚቴው ቤት ለቤት ያያል። ተመስገን።

ማክሰኞ
ልሳቅ ወይስ ላልቅስ? አማቴ እማማ ብርቄ በጠዋት ተነስተው የታጠበውን መጋረጃ ሰቀሉ። ጎረቤት የላከችልንን ዳቦ ለኮሚቴው ቆረሱ፤ እንግዳ በባዶ አይሸኝም። ደረጀም የሠርጉን ኮት ለብሶ ወንበር ላይ ቀና ብሎ ጠበቃቸው።

"እማማ፣ ኑሮ እንዴት ነው? የጎደለ ነገር አለ?" አለች ከኮሚቴው አንዷ ሴት።

"ጌታ ይመስገን! ምን ጎደለን፣ ልጄ።"

"የልጅዎ እግርስ?"

"በጌታ ስም ድኗል።"

በቸርቻቸው ጎደለኝ ማለት እምነት ማጣት ነው። እኔስ አፍ የለኝም? አለኝ እንጂ። ግን በሰው ፊት አማቴን እንዴት ውሸታም ላድርጋቸው? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ ለካ ታክሲም አይመጣለትም።

ዓርብ
የድጎማው ዝርዝር ወጣ፤ ስማችን የለም። ለምን ብዬ ብጠይቅ፣ "ደህና ነን አላችሁን እኮ" አሉኝ።

የደረጀን እግር ሳሸው ባለፈው ሳምንት ይታጠፍ የነበረው ጉልበት አልታጠፍ አለ። "ተዪው በቃ" አለኝ። ባኞ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እማማ ሰምተውኛል መሰለኝ፣ ራት አልበሉም።

ሰኞ
እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ "ተነሽ፣ ወረዳ እንሂድ" አሉኝ። ቅሬታ ሰሚው ፊት ቆመው መሬት መሬቱን እያዩ፣ "ልጄ አልዳነም። ማመላለሻ የለንም። ተቸግረናል" አሉ። ድምፃቸው አልወጣም። ሰውየው፣ "ምን አሉ፣ እማማ?" ሲላቸው ደግመው አሉት። አንጀቴን በሉት።

"አይተን እንደውላለን" ተባልን።

ምሳ ሲቀርብ፣ ወጡ እስኪቀዘቅዝ የሚያመሰግኑት እማማ "አሜን" ብቻ ብለው ቆረሱ። ስልኬን ትሪው አጠገብ አስቀምጬዋለሁ። እስካሁን አልጠራም። እሳቸውም ቀና እያሉ ያዩታል።