ጋሽ ውሃልክ፦ የሰው ቤት መስኮት ሲሸፍኑ የኖሩት የአባታችን የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከመስተዋት ገጣሚ አባታቸውና በሆስፒታል ውስጥ አንሶላና የሕሙማን ልብስ ይሰፉ ከነበሩት እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ቤት ከባቡር ሐዲድ አጠገብ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ስትሆን፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር አያታችን የገጠሙት የመስኮት መስተዋት ይንቀጠቀጥ ነበር። አያታችን ግን «የሌላ ሰው ሥራ ቢሆን እስካሁን ረግፎ ነበር» እያሉ ይኩራሩበት እንደነበር ሰምተናል። አባታችን በልጅነታቸው ዝምተኛ፣ ለመላላክ ፈጣን፣ ለትምህርት ግን መካከለኛ እንደነበሩ ታላቅ እህታቸው ዛሬም ሳይደብቁ ይናገራሉ።

በሠፈራቸው በሚገኘው ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። አባታቸው ከመሰላል ወድቀው ወገባቸው ሲጎዳ ትምህርታቸውን አቋርጠው ጨርቃ ጨርቅ መሸጫ ሱቅ ተቀጠሩ። መጀመሪያ ጥቅል ጨርቅ ተሸካሚ፣ ቀጥሎ ቆራጭ፣ በኋላም ደንበኞች ቤት ድረስ እየሄዱ ለክተው የሚሰቅሉ ባለሙያ ሆኑ። «ክፍል ውስጥ ሰቃይ ተማሪ ለመሆን ባልታደልም መጋረጃ ሰቃይ ለመሆን በቅቻለሁ» ብለው ይቀልዱ ነበር። «አባቴ ብርሃን ያስገባል፣ እኔ ደግሞ ተከትዬ አስወጣዋለሁ» የሚሉትም ነገር ነበራቸው።

ብቻቸውን ተልከው የሰቀሉት የመጀመሪያው መጋረጃ የወፍ ሥዕል ያለበት ነበር። ጨርሰው ከመሰላሉ ሲወርዱ ወፎቹ ሁሉ እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው በጀርባቸው ይበሩ ነበር። የቤቱ ባለቤት ሲጮኹ አባታችን መጋረጃውን ጠቅልለው፣ ጆሯቸው እስኪቀላ አፍረው፣ ወደ ሱቁ ተመለሱ። ከሱቁ ጓሮ ሆና መጋረጃውን የሰፋችው ልጅ አይታ ከስፌት መኪናዋ ላይ እስክትደፋ ሳቀች። ጥፋቱ የእሷ እንደነበር፣ ሽንሽኑን በተቃራኒው ጫፍ ላይ እንደያዘችው፣ የነገረቻቸው ከተጋቡ በኋላ ነው። ይህች ልጅ እናታችን ናት። በ1970 ዓ.ም. ተጋብተው እኔን፣ እህቴንና የመጨረሻውን ወንድማችንን ወለዱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የራሳቸውን ትንሽ የመጋረጃ ሱቅ ከፈቱ። እሷ ትሰፋለች፣ እሳቸው ይሰቅላሉ።

አባታችን ሥራቸውን ያከብሩ ነበር። በር ላይ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ግድግዳ ሲበሱ አቧራው እንዳይበተን ከመሰላሉ ሥር አሮጌ አንሶላ ያነጥፋሉ፤ የመጋረጃውን ብረት ሳያስተካክሉ አንዲት ብሎን አያጠብቁም። ውሃ ልካቸው ከደረት ኪሳቸው ተለይቶ ስለማያውቅ ሠፈሩ «ጋሽ ውሃልክ» አላቸው፤ እኛም ትምህርት ቤት የውሃልክ ልጆች ተብለን አደግን።

ከሁሉ በላይ የሚመሰገኑት ግን በዝምታቸው ነበር። መጋረጃ ሰቃይ ሰው የሚገባው እንግዳ የማይገባበት ድረስ ነው። ያልተነጠፈ አልጋ ያያል፣ የተጣሉ ባልና ሚስት በየክፍላቸው ተቀምጠው ያገኛል። አባታችን ከዚያ ሁሉ ቤት አንድም ወሬ ይዘው ወጥተው አያውቁም። እናታችን ወግ አምሯት «እስቲ ዛሬ ምን አየህ?» ስትላቸው፣ «ግድግዳ» ይሏት ነበር። «ጋሽ ውሃልክ ከገቡበት ቤት ወሬ አይወጣም» መባላቸው ከማንኛውም ምስጋና በላይ ያስደስታቸው ነበር። ይህን ዝምታ እኛ ልጆቻቸውም ጨዋነት ብቻ አድርገን ነበር የምናየው።

በ1993 ዓ.ም. አንድ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ወደ ሱቁ መጣ። ሰውየው የተከበረ፣ ንግግሩ የለዘበ፣ ለታመመ ሁሉ የሚጨነቅ መስሎ የሚታይ ነበር። ለቤቱ መስኮቶች በሙሉ ብርሃን ጨርሶ የማያሳልፍ፣ ወደ ላይ የሚጠቀለል መጋረጃ አዘዘ። «ፀሐይ ዕቃ ያበላሽብኛል፤ ባለቤቴንም ብርሃን ራሷን ያማታል» አለ። እናታችን ባለ ገበር ወፍራም ጨርቅ መርጣ ሰፋች። አባታችንም መሰላላቸውን ተሸክመው ሄዱ።

እዚያ ሲደርሱ ሰውየው ተጨማሪ ነገር ጠየቀ። የመሳቢያው ገመድ እንዲቆረጥ፣ የታችኛው ዘንግም ከመስኮቱ ደፍ ጋር በብሎን እንዲታሰር ፈለገ። አባታችን እንዲህ ከሆነ መጋረጃው ሊከፈት እንደማይችል ነገሩት። «አውቃለሁ» አላቸው። እሳቸውም ሌላ አልጠየቁም።

የመጨረሻው የወጥ ቤቱ መስኮት ነበር። መስኮቱ ወደ መንገድ ያያል፤ ከመንገዱ ማዶ ልብስ እያጠቡ የሚተኩሱ አንዲት ባልቴት ሱቅ አላቸው። ሰውየው ስልክ ሊያነሳ ሳሎን ሲገባ ሚስቱ ወደ አባታችን ቀረቡ። ከንፈራቸው አብጦ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ይቺን አንዷን እንኳ ሳያስሩ ይተዉልኝ። ያቺ ሴትዮ ጠዋት ጠዋት ካላየችኝ ማንም አያየኝም» አሏቸው።

አባታችን አዩዋቸው። ከንፈራቸውን አዩ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረው፣ «እኔ እመቤቴ፣ የታዘዝኩትን ነው የምሠራው» አሉ፤ ብሎኑንም አጠበቁ። ወጥ ቤቱ ጨለመ። አሮጌውን አንሶላ አራግፈው፣ አቧራውን ጠርገው፣ ሰውየው በር ድረስ ሸኝቷቸው ወጡ።

በዚያ ቀን እናታችን «ምን አየህ?» ስትላቸው እንደ ወትሮው «ግድግዳ» አላሉም። ፊታቸውን አዙረው ተኙ። እህል አልቀመሱም። እኛ ድካም መስሎን ነበር።

ሳምንታት አለፉ። አባታችን በዚያ መንገድ ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ጀምረው ነበር። አንድ ቀን ልብስ ተኳሿ ባልቴት ራሳቸው ወደ ሱቃችን መጡ። ሲቀልዱ «ተኳሽ ብባልም መሣሪያዬ ካውያ ብቻ ነው» የሚሉ፣ ጨዋታ ወዳድ ሴት ናቸው፤ ያን ቀን ግን አልቀለዱም።

«ያንን ቤት የሸፈንከው አንተ ነህ አሉ» አሏቸው።

«እኔ ነኝ» አሉ አባታችን።

«ልጅቷ በሕይወት አለች? ጠዋት ጠዋት በመስኮት ሰላም እንባባል ነበር። አሁን ጥቁር ጨርቅ ብቻ ነው የማየው። አንዳንዴ ድምፅ እሰማለሁ፣ ከዚያ ዝም ይላል። ባልየውን ብጠይቀው ደህና ናት ይለኛል። አንተ ገብተሃልና ንገረኝ።»

አባታችን ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ ከዚያ እቃ መደርደሪያው ላይ ተደግፈው ማልቀስ ጀመሩ። አባታችን ሲያለቅሱ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ያየነው። ሁሉንም ነገር ተናገሩ፤ ልመናውንም፣ የመለሱትንም መልስ። እናታችን የስፌት መኪናዋን አቆመች። ብዙ ሰው በነበረበት ሱቅ ውስጥ፣ «ከንፈሯን አይተህ ነው ያሰርከው?» አለቻቸው።

«አይቼ ነው።»

«እኔ ደግሞ ገበር ጨምሬ ሰፋሁለት» አለች። «ተነስ። ካቻቢቴህን ያዝ።»

ሰውየው ሲወጣ በሩን ይቆልፍ ስለነበር፣ ምሳ ሰዓት ላይ ቤት መግባቱን ጠብቀው አባታችንና እናታችን አብረው ሄዱ። አባታችን የወጥ ቤቱ መጋረጃ ተንጋዶ ስለተሰቀለ መስተዋቱን ሳይሰብር ሊያስተካክሉት እንደመጡ ነገሩት። በሥራቸው ዋሽተው የማያውቁት ሰው፣ በገዛ እጃቸው በትክክል የሰቀሉትን ተንጋዷል ብለው ዋሹ። ሰውየው አስገባቸው። አባታችን መሰላሉ ላይ ወጥተው ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈቱ፤ መጋረጃውን ከነብረቱ አውርደው መሬት ላይ ጣሉት። እናታችን በዚህ መሀል ኮሪደሩን አልፋ የመኝታ ቤቱን በር ከፍታ ነበር። ወይዘሮዋ ጨለማ ውስጥ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ልጄ፣ ጫማሽ የት ነው?» አለቻቸው እናታችን። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። ጫማቸውን ከአልጋው ሥር ፈልጋ አደረገችላቸውና እጃቸውን ይዛ ወጣች።

ሰውየው ኮሪደሩ ላይ ቆመ። እስከዚያ ድረስ አባታችንን «እርስዎ» ሲል የነበረው ሰው፣ «አንተ! ማን ፈቀደልህ?» ብሎ ጮኸና የሚስቱን ክንድ ያዘ። አባታችን በተከፈተው የወጥ ቤት በር በኩል መስኮቱን አሳዩት። ከመንገዱ ማዶ ልብስ ተኳሿ ከነሽርጣቸው ቆመዋል። ልብስ ሊቀበሉ የመጡት ሰዎች አጠገባቸው ቆመዋል። ከሰውየው መድኃኒት የሚገዙ ሰዎችም ነበሩባቸው። ሁሉም ወደ ውስጥ ያያሉ። ሰውየው መጀመሪያ እነሱን፣ ቀጥሎ የያዘውን ክንድ አየ። ለቀቀው። ሦስቱ በፊት ለፊት በር ወጡ።

ሠፈሩ አባታችንን ጀግና አላቸው። ይህ ነገር እንዲቀር ያደረጉት ራሳቸው ናቸው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ በምስክርነት ቆመው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ስለተለመኑትና ስለመለሱት መልስ ተናገሩ። በዚያው ችሎት የሐኪም ማስረጃ ሲነበብ ወይዘሮዋ በግራ ጆሯቸው መስማት እንደማይችሉ፣ ጉዳቱም የደረሰው መስኮቶቹ ከተሸፈኑ በኋላ እንደሆነ ሰሙ። አባታችን ከዚያ አዳራሽ የወጡት በወንድማቸው ትከሻ ተደግፈው ነው። ከዚያ በኋላ በፊታቸው ይህን ታሪክ በሙገሳ የጀመረ ሰው ካለ ተነስተው ይወጡ ነበር። ወይዘሮዋ እህታቸው ቤት ገብተው፣ አገግመው፣ ሥራ ይዘው፣ ሊያመሰግኑ ወደ ቤታችን በመጡ ጊዜም አባታችን በጓሮ በር ወጥተው፣ እስኪሄዱ ድረስ የጎረቤት አጥር ሥር ቆመዋል። እናታችን «ታምሟል» ብላ ዋሸችላቸው፤ እኛም ወለል ወለሉን አየን።

ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ነገር ግን ከውስጥ የማይከፈት መጋረጃ ዳግመኛ አልሰቀሉም። በዚህ ምክንያት ያኮረፉና «ምን አገባህ?» ያሏቸው ደንበኞች ነበሩ። የራሳችንን የወጥ ቤት መጋረጃም አውርደው መልሰው አልሰቀሉትም። አላፊ አግዳሚው እያየን እራት መብላት ለጎረምሳው ወንድማችን የሞት ያህል ስለነበር፣ የክፍሉ ልጆች ሲያልፉ ማንኪያ ወደቀብኝ እያለ ጠረጴዛ ሥር ይገባ ነበር። ዛሬ የራሱ ጎረምሶች አሉት፤ የእሱም ወጥ ቤት መጋረጃ የለውም።

አባታችን በ2009 ዓ.ም. ሱቁን ለእህቴ አስረክበው አረፍ አሉ። ባለፈው ዓመት የሳንባ ሕመም ጸንቶባቸው አልጋ ያዙ። መዳከማቸውን የሰሙት ወይዘሮ ሊጠይቋቸው መጡ። በዚህ ጊዜ የሚወጡበት ጓሮ አልነበራቸውም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አንድ ነገር አጉረመረሙ። ወይዘሮዋ ወንበራቸውን አንስተው በሌላው ጎን ተቀመጡ፤ «በዚህኛው ጆሮዬ ይንገሩኝ፤ ያኛው አይሰማም» አሏቸው።

አባታችን ዞሩ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። አይቼሽ ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ። ሲያዩኝ አይቻለሁ» አሉ ወይዘሮዋ። ወንበራቸውን አስጠግተው፣ «አልረሳሁትም፤ ረሳሁት ብዬ አልዋሽዎትም። ግን ተመልሰው መጡ። ሌላ የመጣ ሰው አልነበረም» አሉና እጃቸውን ያዙ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ይመጡ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ተራ ነገር ነበር የሚያወሩት።

አባታችን ይህ ሁሉ በቀብራቸው ዕለት እንዲነበብ አዘዙኝ። «አባዬ፣ ሰው ምን ይላል?» ብላቸው፣ «እኔ ያጠፋሁት ሰው ምን ይላል ስል ነው። አንብቢው» አሉኝ። ወይዘሮዋን ፈቃዳቸውን ስጠይቃቸው፣ «አንብቢው፤ እኔም እመጣለሁ። ብቻ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ» ብለውኛል። ዛሬ በመካከላችን ይገኛሉ። ይህን ወረቀት ስጽፍ ያሳፈረኝ ብዙ ቦታ ነበር፤ ያለፍኩት ግን የለም።

አባታችን ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ እናታችንና እኛ ልጆቻቸው በተሰበሰብንበት፣ በመኖሪያ ቤታቸው ዐረፉ። እናታችንን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆችን፣ ታላቅ እህታቸውንና ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለያችኋቸው፣ ዛሬም ለሸኛችኋቸው ሁሉ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

ፈጣሪ ሆይ፣ አባታችን በጎ ሥራቸውን ይዘው እንዲቀርቡልህ አልፈለጉም፤ ያጠፉትን ይዘው መጥተዋል። እንደ ምሕረትህ ተቀበላቸው። እኛንም አይተን ዝም ከማለት ጠብቀን።