ስለ ተወሰዱት ስድስት የመቀነስ ስዕሎች

ድሬዳዋ፣ ግንቦት 1974 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ የትምህርት ተቆጣጣሪ፣

ይህን ደብዳቤ በመምህራን ክፍል ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሲያነቡት፣ የግንቦት ሙቀት ያልነካው ሙሉ ጤና ላይ እንዲሆኑ፣ መኪናዎም የደቻቱን ወንዝ በሰላም እንዲያሻግርዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ባለፈው ማክሰኞ ትምህርቷን በማቋረጥ ያከበሯት የአንደኛ ክፍል መምህርት ደሄቦ ዲሪዬ ነኝ። ጊዜዎን ላለማባከን ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ከአርባ ሦስቱ ተማሪዎቼ አብዛኞቹ በቤታቸው ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ ወይም ሐረሪ ስለሚናገሩ «መቀነስ» የሚለው ቃል ብቻውን አልገባቸውም ነበር። ስለዚህ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ ስምንት ስዕሎች ሠራሁ፤ ሁለቱ ለመደመር፣ ስድስቱ ለመቀነስ። በአንዱ ከአምስት ማንጎ ሁለቱ ተበልተዋል፤ በሌላው ከሰባት ፍየሎች ሦስቱ ወደ ሐርላ መንደር ሄደዋል። እርስዎ ፍየሎቹን ትኩር ብለው ካዩ በኋላ፣ «በአብዮቱ ዘመን ሀብት ይጨምራል እንጂ እንዴት ይቀንሳል?» ብለው ጠየቁኝ። «ሂሳብ ነው፣ ጓድ» ብዬ መመለሴ ድፍረት ከሆነ ይቅርታዎን እለምናለሁ። የፍየሎቹን የፖለቲካ አቋም ሳላጣራ መሳሌንም አምናለሁ።

፪. የመደመሮቹን ትተው ስድስቱን ከሚስማራቸው አውርደው፣ ጠቅልለው በብብትዎ ይዘው ሄዱ። መቀነስ በቃል ብቻ እንዲሰጥ፣ እኔም ዳግመኛ ስዕል ሰቅዬ ብገኝ ከሥራ እንድታገድ በመዝገብ ጻፉ። ለሦስት ሳምንት የሳልኩት ነበርና፣ ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አልቅሻለሁ። ይህ በመዝገቡ ስላልሰፈረ እዚህ እንዲያያዝልኝ አመለክታለሁ።

፫. ሦስተኛው ከቅሬታ ይልቅ ምስጋና ነው። በማግስቱ በትእዛዝዎ መሠረት በቃል አስተማርኩ፤ ክፍሉም በቃል ዝም አለ። ላብ በላብ ሆኜ «መቀነስ ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ፣ ከመስከረም ጀምሮ በክፍል ውስጥ ድምፅዋን ሰምተን የማናውቃት ናፊሳ ተነሥታ ባዶዎቹን ሚስማሮች በጣቷ እያሳየች፣ «ቲቸር፣ ስምንት ነበረ። ጓዱ ስድስት ወሰደ። ሁለት ቀረ!» አለች። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ፤ እኔም ከልጆቹ በላይ አጨበጨብኩ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማንጎውንም ፍየሉንም የሚወስደው ጓዱ ሆነ፤ ሁሉም ገባቸው።

በዓርቡ ፈተና አርባ አንዱ አለፉ። የቀሩት ሁለቱ ግን፣ ከስምንት ስድስት ሲቀነስ ስምንት ነው፣ ምክንያቱም ጓዱ ይመልሳቸዋል፣ ብለው ይከራከራሉ። ይህን ስህተት ነው ብዬ ለማረም ሥልጣኔ ስለማይፈቅድልኝ ውሳኔዎን እጠብቃለሁ። ዜሮን ገና አላስተማርኩምና፣ በሚቀጥለው ሳምንት ብቅ ብለው የቀሩትን ሁለት ስዕሎች ቢወስዱልኝ ውለታዎ የላቀ ይሆናል።

ለክፍላችን ሕያው የማስተማሪያ መሣሪያ በመሆን ስላበረከቱት አገልግሎት፣ በአርባ ሦስት ተማሪዎች ስም ዝቅ ብላ የምታመሰግንዎ፣

መምህርት ደሄቦ ዲሪዬ

ማሳሰቢያ፦ ትናንት ከዚራ ሰፈር ከባለቤትዎ ከወይዘሮ ቦጋለች ጋር ተገናኝተን፣ ትንሿ ልጅዎ ፍየሎቹን አልጋዋ አጠገብ ሰቅላ መቀነስን አቀላጥፋ እንዳወቀች በደስታ ነገሩኝ። ማን እንዳስተማራት ብጠይቃቸው፣ «አባቷ ነዋ! ያለ ስዕልማ አይገባቸውም ይላል» አሉኝ።