ሲስተር ስላቭካ ራድኔቫ፦ አርባ ሁለት ዓመት በድንገተኛ ክፍል

ሲስተር ስላቭካ ራድኔቫ ከአባታቸው ከአቶ ኢልኮ ማሪኖቭና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዶብራ ማሪኖቫ፣ በቡልጋሪያ ሰሜናዊ ጫፍ በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው በዱኔቮ መንደር፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 9 ቀን 1958 ተወለዱ። አባታቸው ዓሣ አጥማጅ፣ እናታቸው የቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበሩ። ከሦስት እኅትማማቾች የመጀመሪያዋ ሲሆኑ፣ መካከለኛዋ በሕፃንነቷ በሳንባ ምች ስታርፍ እርሳቸው ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። መንገዱ በበረዶ ተዘግቶ መኪና ሲጠፋ፣ እናታቸው ሕፃኗን ታቅፈው «ምን ላድርግ? ምን ላድርግ?» እያሉ ከምድጃው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ምድጃው ሲመላለሱ ያዩትን እስከ መጨረሻው ይናገሩት ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በዱኔቮ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በቤሊ ብሪያግ ከተማ አጠናቀው፣ በ1976 ቭራጻ ከተማ ወደሚገኝ የነርሶች ትምህርት ቤት ገቡ። ተመርቀው በ1979 በቤሊ ብሪያግ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ተቀጠሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ድንገተኛ ክፍል ተዛወሩና ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2023 ድረስ ከዚያ አልወጡም።

በከተማው የወንዝ ወደብ የክሬን ሠራተኛ የነበሩትን አቶ ካመን ራድኔቭን ያወቋቸው፣ ጣታቸው በሰንሰለት ተጨፍልቆ በመጡ ጊዜ ነው። አቶ ካመን በሰው ፊት ሁሉ «ጣቴን አሰረችው፤ ከዚያ ወዲያ እኔን ራሴን አልፈታችኝም» እያሉ ያስቁ ነበር። በ1983 ተጋብተው ዮአናንና ቢሰርን ወለዱ። አቶ ካመን በ2017 አረፉ።

ሲስተር ስላቭካ ሥራ ሲጀምሩ በአንድ ፈረቃ ስድስት ነርሶች ነበሩ። በኋላ አንዷ ጣልያን፣ አንዷ ጀርመን እያሉ ሄደው ሁለት ቀሩ። በ2009 የገዛ ልጃቸው ዮአና ነርስነቷን ይዛ ጀርመን ስትሄድ፣ ሻንጣዋን ያዘጋጁላት እርሳቸው ናቸው። «እዚያም የታመመ ሰው አለ» ብለው ሸኟት።

ከዚህ የሚቀጥለውን የጻፍኩት በራሳቸው ትእዛዝ ነው። ከማረፋቸው ሦስት ሳምንት በፊት እኔን ታናሽ እኅታቸውን ጠርተው፣ «ኔቬና፣ ጥሩ ጥሩውን ብቻ ጽፈሽ እንዳትቀብሪኝ። የአባባ ሜቶዲን ነገር ጻፊ» አሉኝ።

«ሰው ምን ይላል?» አልኋቸው።

«ያሻውን ይበል። እኔ እንደሆንኩ አልሰማው» ብለው ሳቁ።

አቶ ሜቶዲ ከሩቅ መንደር፣ በገበያ ቀን አውቶቡስ፣ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ቲማቲም በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ይቀመጣሉ። ዶክተሮቹ ገና ሲያዩዋቸው ይሸሹ ነበር፤ ምርመራው ሁሉ ምንም አላገኘባቸውምና። ሲስተር ስላቭካ ግን የደም ግፊታቸውን ሳይለኩ ሰድደዋቸው አያውቁም።

«አባባ፣ ዛሬ ደግሞ የቱጋ ነው?» ይሏቸዋል።

«ባለፈው የቱ ነበር ያመመኝ? እሱን አስታውሺኝና ከዚያ እንቀጥላለን፣ ስላቭኬ።»

በኦክቶበር 16 ቀን 2014፣ ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ የፋብሪካ ሠራተኞችን የጫነች ሚኒባስ ተገልብጣ አሥራ አንድ ቁስለኞች ባንድ ጊዜ ገቡ። ዶክተሩ አንድ፣ ነርሶቹ ሁለት ነበሩ። በዚያ ትርምስ መሃል አቶ ሜቶዲ በሩ ላይ ቆመው፣ «ስላቭኬ፣ ዛሬስ የእውነት ነው» አሉ።

«እሺ አባባ፣ እዚያ ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ መጣሁ» አሏቸው። እጃቸው ደም ነበር፤ ቀና ብለውም በደንብ አላዩዋቸውም።

የመጡት ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ነው። አቶ ሜቶዲ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ሞተው ነበር። ግራና ቀኛቸው የተቀመጡት ሰዎች እንቅልፍ የወሰዳቸው መስሏቸዋል።

ዶክተሩ ሊያጽናኗቸው፣ «የልብ ድካም ነው፤ ወዲያው ብናየውም ላይተርፍ ይችል ነበር» አሉ።

«ላይተርፍ ይችላል» አሉ ሲስተር ስላቭካ። «ብቻውን ግን አይሞትም ነበር።»

ለቀብሩ ወደ አቶ ሜቶዲ መንደር ሄዱ። ከቄሱ ጋር አምስት ሰው ነበር። የሟች እኅት፣ ጎባጣ አሮጊት፣ እጃቸውን ይዘው አገላብጠው አዩዋቸውና «ስላቭካ የምትባይው አንቺ ነሽ? ሐሙስ ሐሙስ ጢሙን የሚላጨው ላንቺ ነበር እኮ» አሏቸው። ሲስተር ስላቭካ መናዘዝ ፈልገው ነበር የሄዱት፤ ሳይናገሩት ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ፈረቃ ሲገቡ ካፖርታቸውን ሳይሰቅሉ በፊት በየወንበሩ እየዞሩ የሰዉን ሁሉ የእጅ አንጓ ይይዙ፣ ስሙን ይጠይቁ ነበር። ወጣቶቹ «ሲስተር የሕዝብ ቆጠራ ጀመሩ» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። ዞረው ግን ሁሉን አላዳረሱም። የኮሮና ጊዜ ኮሪደሩ ሞልቶ ሰው መሬት ላይ ሲተኛ፣ አንዱን ይዘው ሌላው እያመለጣቸው፣ ቤት ሲገቡ ጫማቸውን የምፈታላቸው እኔ ነበርኩ። «ሁለት እጅ ለስንቱ ይደርሳል?» ይሉኝ ነበር።

በኖቬምበር 2024 ሆዳቸውን ታመው ሲመረመሩ የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። ወረቀቱን ራሳቸው አንብበው አጣጠፉት። ወጣቱ ዶክተር አንገቱን ቢደፋ፣ «አይዞህ ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ? ለመሆኑ ምሳ በልተሃል?» አሉት።

የብርዱን ወራት እኔ ጋ ተኙ። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ፤ ሕመምተኛ ገልብጬ አላውቅም። ዮአና የአውሮፕላን ቲኬት ይዛ ቀኑን ስትጠብቅ፣ በስልክ ትመራኝ ነበር። «በግራ ጎኗ አዙሪያት፣ አክስቴ። ትራሱን ከጉልበቶቿ መሃል። ቀስ በይ፣ ቀስ።» ለባዕድ ሕሙማን በእጇ የምታደርገውን፣ ለእናቷ በእኔ ያልሠለጠነ እጅ አደረገችው።

ማርች 11 ቀን 2025 ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ትንፋሻቸው ተለወጠ። ደወልኩላትና «አሁንስ ምን ላድርግ?» አልኳት። «ከእንግዲህ የሚደረግ የለም፣ አክስቴ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊልኝ።»

አደረግሁላት። ስለ ልጆቿ፣ እዚያ ስላለው ዝናብ፣ ስለ ቲኬቱ ታወራላቸው ጀመር። እኅቴ በዚያ መሃል በ66 ዓመታቸው አረፉ። ዮአና አላየችምና ማውራቷን አላቋረጠችም፤ እኔም ልነግራት አቅም አጣሁ። ስልኩን እንደያዝኩ ቆየሁ።

ሲስተር ስላቭካ የሁለት ልጆች እናትና የሦስት ልጆች አያት ነበሩ። ልጆቻቸው ዮአናና ቢሰር፣ እኔ እኅታቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸውና ስማቸውን የጠየቋቸው ሰዎች በሐዘን ቀርተናል። መሐሪው አምላክ ነፍሳቸውን ሕመም ከማይደርስበት ያሳርፍልን። ከዚህ ስትወጡ፣ ለነፍሳቸው መታሰቢያ ተቀቅሎ በደጁ ከተዘጋጀው ስንዴ ቅመሱና «ይማራቸው» በሉልን፤ ዛሬ ከዚህ ሌላ የምናደርግላቸው አላገኘንም።