የካሳ ፍራሽ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ። እንዴት ከርመሻል? ያ ጉልበትሽ እንደ ልማዱ ያስቸግርሻል ወይስ ትንሽ ቀለል አለሽ? ልጅሽ ኢብቲሳምስ ፈተናዋን እንዴት ሆነችልሽ? ሲሪንቃ ዝናቡ ገባ ይላሉ፣ የሱቅሽ ጣሪያ ማፍሰሱን ተወ ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ከወገብ በቀር ደህና ነኝ ማለት ከምሰሶው በቀር ቤቱ ደህና ነው እንደማለት ነው፤ ግን ሰላምታ ላይ እንዲህ ይባላል፣ እኔም አልኩ።

ጽሕፈቴ ቢንጋደድብሽ አትፍረጂብኝ፣ ተጋድሜ ነው የምጽፍልሽ። ወልድያ ነኝ፤ ሁሪያ የምትባል ሴት ፍራሽ መሸጫ ውስጥ፣ ከመጋረጃ ጀርባ። ወረቀቱንም እስክሪብቶውንም የሰጠችኝ እሷ ናት። ባል ተብዬው አብዱልሐሊም ከሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ከሼህ ኢስሐቅና ከጋሽ ሞገስ ጋር ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ተቀምጧል። ሁሪያ ወጥታ፣ የወገብ ፍራሽ ተተኝቶበት ነው የሚመረጥ፣ ሴት ልጅ ደግሞ ወንድ እያያት አትጋደምም፣ በሉ ሻያችሁን ጠጡ ብላቸዋለች። እሺ ብለው ሄዱ። ስለዚህ ትንሽ ጊዜ አለኝ።

በስልክ ለምን አልነገርሽኝም እንዳትዪ። ስልኬ እሱ ኪስ ከገባ ሁለት ወር ሆነው። ሁሪያ በኔ ስልክ ደውይ ብላኝ ነበር፤ እምቢ ያልኩት እኔው ነኝ። አንቺ ቻዪው እንጂ ማለት ስትጀምሪ ድምፅሽ የእማ ድምፅ ይሆንብኛል፣ እኔም እሺ እላለሁ። ሦስት ጊዜ እሺ ብያለሁ። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጪኝም።

ወገቤን ያመመኝ ቀን ጀሪካን ተሸክሜ እንዳዳለጠኝ ነው የሰማሽው። ሐኪሙም የሰማው ይህንኑ ነው። እንዴት ወደቅሽ ብሎ የጠየቀው እኔን ነበር፤ የመለሰው አብዱልሐሊም ነው። ሐኪሙ አልለቀቀኝም፣ ዞሮ ዓይኔን እያየ ጀሪካኑ ሙሉ ነበር ወይ አለኝ። አዎ አልኩ። ያን ቀን መርሳ ውሃ ከጠዋት እስከ ማታ በየቧንቧው ሲወርድ እንደዋለ፣ በሰፈሩ ጀሪካን የነካ ሰው እንዳልነበረ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ጎረቤት ስለሚያውቅም ነው ሽማግሌ የተቀመጠው።

የተቀመጡት ሼህ ኢስሐቅ ግቢ፣ ከጁምዓ በኋላ ነው። ያን ቀን የሆነውን በስሙ የጠራው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ያ ነገር ይሉታል። የተበደለች ሚስት ካሳ እንደምትቀበል ታውቂያለሽ፤ ቀሚስ ይሁን ሻሽ፣ እጇን ዘርግታ ከተቀበለች አለቀ፣ ታርቃለች፣ ወደ ቤቷ ትገባለች። ጋሽ ሞገስ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ለታመመ ወገብ ቀሚስ ምን ይፈይዳል፣ ያን አዲሱን የወገብ ፍራሽ ይግዛላት አሉ። ሰዉ ሁሉ ብልህ ፍርድ ነው ብሎ አደነቃቸው። እሷ የመረጠችውን ይገዛል፣ በምርጫዋ አንዲት ቃል አይተነፍስም፣ ካሳው የግሏ ነው፣ ባል አያዝበትም ተባለ። አብዱልሐሊም ወላሂ ብሎ ማለ።

እስከዚያው የት ትቆይ ሲባል አንዱ የእህቷ ቤት አለ አይደል ወይ አለ። ሌላው፣ እህቷማ ራሷ አይደለች እንዴ የምትመልሳት ብሎ መለሰለት። ሳቁ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ፈገግ አልኩ፣ ምን ላድርግ። አማቴ ቤት ትቆይ ተባለ።

አማቴ አይጨክኑም፣ ሐቁን ልናገር። ምግቤን አጉድለውብኝ አያውቁም። ግን መኝታቸውን አንስተው በሩ ሥር አንጥፈዋል፤ ለምን ብላቸው ብርድ እንዳይገባብሽ ነው አሉኝ። ሽንት ቤት ስሄድ በወገብሽ ትወድቂያለሽ ብለው ይከተሉኛል። ውሃ ልቅዳ ስል ቁጭ በይ፣ ገበያ ልውጣ ስል ኧረ ወገብሽ። ይህ ወገብ የዘበኛ ሥራ ጀምሮልሻል።

ከዚያ ፍርድ በኋላ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ፍራሹ የተመረጠ ዕለት እኔ ተመለስኩ ማለት ነው። ስለዚህ አስቸጋሪ መራጭ ሆንኩ። በልጅነቴ የሰጡኝን የምበላ፣ የአንቺን አሮጌ ጫማ ያለ ቃል የማደርግ ልጅ፣ እንዴት ያለች መራጭ እንደሆንኩ ብታዪኝ ትስቂ ነበር። መርሳ ያሉት ሁለቱም ሱቆች ተራ ስፖንጅ ነው ያላቸው። በክርኔ ጫን አድርጌ ይሄ ይጎደጉዳል አልኩ። የሚቀጥለው ሳምንት ያኛው ድንጋይ ነው አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ሽታው ራሴን አመመኝ አልኩ። ገበያው ውስጥ ፍራሽ መራጯ መጣች ማለት ጀመሩ። አማቴም ታክቷቸው፣ እኛ ቁርበት ላይ ተኝተን ስምንት ወለድን፣ አንቺ አንድ ያልወለድሽው ስፖንጅ ቸግሮሽ ነው ወይ አሉኝ። በሆዴ ብዙ መለስኩላቸው፤ በአፌ ግን እውነትዎን ነው አልኩ።

ሽማግሌዎቹም ትዕግስታቸው አለቀ። ዛሬ ወልድያ ሄዳ ትምረጥ፣ ዛሬ ካልመረጠች እኛው እንመርጥላታለን አሉ። ሚኒባስ ኮንትራት ይዘው ጠዋት ይዘውኝ መጡ። እቤት ደግሞ ለዕርቁ ዱዓ ተደግሷል፣ ሰው ተጠርቷል። ፍራሹ ከላይ፣ ጣሪያው ፖርቶመጋላ ላይ ይታሰራል፣ እኔ ከታች እታሰራለሁ እያልኩ ነው የመጣሁት።

ሁሪያ ግን ነገር የሚገባት ሴት ናት። መጀመሪያ ጠንካራው ላይ አስተኛችኝና እጅሽን በወገብሽ ሥር አሾልኪ አለችኝ፤ እንደ ልቡ አለፈ። ይሄ ወገብሽን አንጠልጥሎ ነው የሚያሳድርሽ፣ አይሆንሽም አለች። ቀጥሎ ለስላሳው ላይ ወጣሁ፤ ዋጠኝ። ልዙር ብል እንደ ገደል መውጣት ሆነብኝ። ይሄንን ለሙሽራ እሸጠዋለሁ፣ ለታማሚ አልሸጥም አለችኝ።

ሦስተኛው ያ ሜሞሪ የሚሉት ነው። አሠራሩን ልታሳየኝ መዳፏን አጥብቃ ተጫነችውና አነሳች። አምስቱም ጣቶች እዚያው ታትመው ቀሩ፤ ከዚያ ቀስ እያሉ ጠፉ። እያየሽ፣ ወዲያው ነው የሚጠፋው አለችኝ። እኔ እንዲህ ቶሎ ሲጠፋ አይቼ አላውቅም ነበር፤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እሷም አየችኝ። ሻሼን ስታስተካክልልኝ አንገቴን አየችና ምንም ሳትጠይቀኝ መጋረጃውን ሳበችው።

በጎንሽ ሁኚ፣ ጉልበትሽን እጠፊ አለችኝ፣ በጉልበቶቼ መሐል ትራስ አደረገችልኝ። አሥር ደቂቃ ካልተኙበት አይታወቅም ብላ ሄደች። እትዬ፣ ወገቤ ዝም አለ። ሁለት ወር ሙሉ ሲጮህብኝ የከረመ ወገብ ዝም ሲል ጆሮዬ ጭር ያለ መሰለኝ። ከዚያ ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ ተኝቻለሁ። ስነቃ ጉንጬ ርሷል፣ ሁሪያ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። ስንት ሰዓት ተኛሁ ብላት ግማሽ ሰዓት፣ ሁለት ጊዜ መጥተው ገና እየመረጠች ነው ብዬ መልሻቸዋለሁ አለችኝ። ያለ ፍርሃት የተኛሁት መቼ እንደሆነ ላስታውስ ሞከርኩ፤ አንቺ ሳታገቢ፣ እማ ቤት፣ አንድ አልጋ ላይ ሳለን ይመስለኛል።

ከዚያ ወርዱን ጠየቀችኝ። ለባልና ሚስት ባለ ሜትር ከሃምሳው ነው፣ እሱን ላውጣልሽ አለች። ጠባቡን አልኳት። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ፣ ሰው አለሽ ወይ አለችኝ። አንዲት እህት አለችኝ፣ ግን ትመልሰኛለች አልኳት። ወረቀቱን የሰጠችኝ ያኔ ነው።

ሳልሸፍን ልንገርሽ፣ ተቀይሜሻለሁ። ባለፈው ስመጣብሽ ምሳ አበላሽኝ፣ ጉንጬ እንዳይታይ የራስሽን ሻሽ አውልቀሽ አሠርሽልኝ፣ ከዚያ እጄን ይዘሽ አስፋልቱ ድረስ ወሰድሽኝና ለሹፌሩ መርሳ አውርድልኝ አልሽው። ሰው ምን ይላል ብለሽ እንጂ ጠልተሽኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እያወቅሁም መስኮቱን ይዤ እስከ መርሳ አለቀስኩ። ቅያሜው አልወጣልኝም። ግን ከአንቺ በር ሌላ የማንኳኳው በር የለኝም።

አሁን ስሚኝ። ከወልድያ መርሳ ስንሄድ በደጅሽ ነው የምናልፈው። ካሳው የግሏ ነው፣ ባል አያዝበትም ተብሏል፤ የሚነጠፍበትን ቤት የምመርጠው እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ፊት አውርዱልኝ ብል አብዱልሐሊም ምላሱን ነክሶ ይቀመጣል እንጂ አይናገርም፣ ምሏል። ይህ ግን ለዛሬ ብቻ ነው። ነገ ሽማግሌ አይኖርም፣ እሱና እኔ ብቻ ነን የምንኖረው።

አስፋልቱ ዳር ወጥተሽ ከቆምሽ እወርዳለሁ። ካልወጣሽ ግን አልፈርድብሽም፣ አንድም ቃል አልተነፍስም። በተዘጋ በር ፊት ፍራሽ ይዤ ወርጄ ለነሱ መሳቂያ አልሆንም፤ ዝም ብዬ አልፋለሁ። ካለፍኩ በኋላ ግን ወገቧ እንዴት ሆነ ብለሽ እንዳትጠይቂ።

ሁሪያ የምታውቀው ሹፌር አሁን ይነሳል፣ ይህን ከኛ ቀድሞ ያደርስልሻል። ማዶ ሻዩን ጨርሰው እየተነሱ ነው።

አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ጉልበትሽን ያበርታው፣ ለኢብቲሳም የሚያከብራት ይስጣት። እማንና አባን በጀነት ያኑርልን። አውፍ በይኝ።

ታናሽ እህትሽ

ከዙሁር ሶላት በኋላ እንነሳለን። ሚኒባሱ ነጭ ነው፣ ፍራሹ ከላይ ይታይሻል። ዘጠና ሳንቲ ብቻ ነው፣ ከኢብቲሳም አልጋ አጠገብ ይበቃዋል።