የእማ እንጀራ ስንት ካሎሪ ነው?

ለውድ እኅቴ ለንግሥቲ፣ አሥመራ።

እቴ ንግሥቲ፣ እንደምን ከርመሻል? ክረምቱ እንዴት አለፈልሽ? ባለቤትሽ አበረ ደኅና ነው ወይ? ትንሿ ገላነሽስ ጥርስ አበቀለች? ባለፈው ደብዳቤሽ ያነሣሽው ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ይጎበኝሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማም፣ እኔም፣ ባለቤቴ ታይቱም፣ ከብቶቹም ደኅና ነን። ሜዳው ውሃው ሸሽቶለት ጓያና ሽምብራው በቅሏል።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ እማ ነው። አትደንግጪ፣ ክፉ ወሬ አይደለም። ግን ከሥሩ ካልነገርኩሽ አይገባሽምና ታግሠሽ አንብቢው።

ባለፈው ግንቦት እማ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ጉልበቷ ከዳትና መንገድ ላይ ቁጭ አለች። አራት ሰው ሆነን ነው ያነሣናት። ከዚያ በፊትም ትንፋሽ ያጥራት ነበር፤ ግን ታውቂያት የለ፣ "ደልቶኝ ነው" እያለች ታልፈዋለች። ጎንደር ወስጄ ለሐኪም አሳየኋት። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው። ጉልበቷን ነካካ፣ ልቧን አዳመጠ፣ ሚዛን ላይ አቆማት፤ ዘጠና ሁለት ኪሎ ሆነች። በአስተርጓሚ "ጉልበትዎ ሸክም በዝቶበት ነው። ካልቀነሱ ከሁለት ዓመት በኋላ ከአልጋ አይነሡም" አላት። ለእኔም በብጣሽ ወረቀት "በቀን አንድ ሺህ አምስት መቶ ካሎሪ" ብሎ ሰጠኝ። ካሎሪ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ አስተርጓሚው "የምግብ ሙቀት ነው" አለኝ። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበርና ከዚያ በላይ ለመጠየቅ አፈርኩ።

እማ ለካ ሰምታ ኖሯል። በተመለስን ማግሥት ወጥ ቀርቦላት እጇን አጣምራ ትጠብቃለች። ታይቱ "ምነው እማ?" ብትላት፣ "ሙቀቱ ይውጣለት፤ ሐኪሙ ሙቀት አታብዢ ብሎኛል" አለቻት። ለጉልበትሽ ወንዛዬ ፍል ውሃ ልውሰድሽ ብላትም "ጭራሽ ሙቀት ልትጨምርብኝ ነው?" ብላ እምቢ አለች። እኛ ሳቅን።

እኔን ግን ነገሩ ከነከነኝ። የቀዘቀዘ ቅቤና የሚፈላ ውሃ፣ ሙቀት ያለው የትኛው ነው? እዚህ ጤና ጣቢያ ተክለ ሃይማኖት የሚባል ጎንደር የተማረ ድሬሰር፣ ቁስል አካሚ፣ አለና ሄጄ ጠየቅሁት። ደብተሩን ሲያገላብጥ ቆየና "ምግብ ለሰውነት እንደ ማገዶ ነው። ቢነድ የሚሰጠውን ሙቀት ነው የሚቆጥሩት" አለኝ። ቤት ገብቼ እማ እያየች ሞከርኩት። ፍሙ ላይ ውሃ ጠብ ባደርግ ቸስ ብሎ ጠፋ። ደረቅ እንጀራ ጣልኩ፤ ቀስ ብሎ ነደደ። በመጨረሻ የአውራ ጣት ያህል ቅቤ ብጥልበት ነበልባሉ ቦግ ብሎ ተነሣ፣ ታይቱ ጮኸች። እማ ጠጋ ብላ አየችውና "ይኸ ሁሉ እኔ ሆድ ውስጥ ነው?" አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ወጥ አታቀዘቅዝም።

ቀጥሎ መቁጠር ሆነ። የመሐመድዘይን የእህል መጋዘን መዛኝ መሆኔን ታውቂያለሽ። ነገሩን ብነግረው ቅመም የሚመዝንባትን ትንሿን ሚዛን አውጥቶ "ለእናት ከሆነ እስክትጨርስ አቆያት" አለኝ። እንደ ተክለ ሃይማኖት ደብተር አንድ ግራም ዱቄት ሦስት ካሎሪ ተኩል፣ አንድ ግራም የተነጠረ ቅቤ ደግሞ ዘጠኝ ነው። ግን እንጀራው ውሃ አለበት፣ እንዴት አድርጌ ልመዝነው? መላውን ያገኘችው ታይቱ ናት። "ዱቄቱን ሳላቦካው መዝነው፤ የሚወጣውን እንጀራ ቁጠር" አለችኝ። ከአንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ዱቄት ዐሥር እንጀራ ወጣ። አባዝቼ አካፈልኩት፤ አንዱ እንጀራ አምስት መቶ ስድሳ ካሎሪ ሆነ!

እማ በቀን ሁለት እንጀራ ተኩል ትበላለች። ባዶው እንጀራ ብቻ የሐኪሙን ቁጥር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ቅቤው ከአራት መቶ በላይ፤ ወተቱ፣ ሽሮው፣ ጠላው ሲደመር ወደ ሦስት ሺህ ተጠጋ። እሷ ግን "እኔ እኮ እህል አልቀምስም" ትላለች። ቁጭ ብላ የበላችውን እንጂ ቆማ የቀመሰችውን አትቆጥረውማ።

ምኑ ይቀነስ ስንባባል "ወተቴን ከነካህብኝ አልስማማም" አለች። እሺ አልኩ። እንጀራው በቀን አንድ፣ ቅቤው አንድ ማንኪያ፣ ወተቱ አንድ ኩባያ፣ ጠላው ቀረ፤ ጎመንና ዱባ እንደ ልቧ። ያስቸገረኝ ጉርሻ ነው። የሰው እጅ ልዩ ልዩ ነው፣ ማኅበር ላይ ደግሞ እምቢ አይባልም። ተክለ ሃይማኖትን ብጠይቀው "በደብተሬ ጉርሻ የለም" ብሎ ሳቀ። ፍልሰታ ሲገባም ቅቤ ሊቀር ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለካ ኑጉም ዘይት ነው፣ እሳት ላይ ብጥለው እንደ ቅቤው ቦግ አለ።

እቴ፣ አልዋሽሽም፣ የመጀመሪያው ወር ክፉ ነበር። እማ ትቆጣለች፣ አንዳንዴም ፊቷን አዙራ ታለቅሳለች። "ጎተራው ሞልቶ እኔ ልራብ?" ስትለኝ ወረቀቱን ቀድጄ ልጥለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ጎረቤትም ማማት ጀመረ።

መስከረም ላይ አጎታችን መንግሥቴ ወንዙ ሲጎድልላቸው ከማዶ ተሻግረው ሊጠይቁን መጡ። እማን ቀሚሷ ሰፍቷት ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ። ማዕድ ቀርቦ እጃቸውን አልዘረጉም። "እህቴን በቁሟ አስርበሃታል፤ እኔ በዚህ ቤት እህል አልቀምስም" አሉኝ። ካሎሪ ልበላቸው? ያኔ እማ ምሰሶውንም ሳትይዝ ከመደቡ ብድግ አለች። ጓዳ ገብታ ውሃ ይዛ መጣችና ጎንበስ ብላ "መንግሥቴ፣ እጅህን ታጠብ። እኔ ተነሥቼ ካስታጠብኩህ ስንት ዓመት ሆነ?" አለቻቸው። አጎታችን ቀና ብለው አይዋት፤ "አራት" አሉ ቀስ ብለው። ታጠቡና በሉ። ሲሄዱም እማ እስከ ወንዙ ሸኘቻቸው።

ባለፈው ሳምንት መጋዘን ወስጄ በጆንያ መመዘኛው መዘንኳት፤ ሰማንያ ሦስት ኪሎ። ግን ጥቅምቱን ሙሉ ያው ሰማንያ ሦስት ነበረች፣ ምግቧ ሳይጨምር። ሰውነት ሲቀል ማገዶውም ያንሰዋል እንዴ? ቁጥሩስ በየጊዜው ይቀነሳል? ተክለ ሃይማኖት እርግጠኛ አይደለም። እባክሽ አሥመራ ሐኪም ስታገኚ ጠይቂልኝ።

ለጥምቀት እመጣለሁ ብለሻልና ዋናው ቃሌ ይኸውልሽ። ትተሻት የሄድሽው ወፍራም እናት ነው። አሁን ጉንጯ ጎድሏል፣ የወርቅ ቀለበቷም ከጣቷ እየወለቀ አስቀምጣዋለች። እሷ ሐኪሙንም ረሃቡንም አትፈራም፤ የምትፈራው አንቺን ነው። "ንግሥቲ ስታየኝ ልሞት የደረስኩ መስሏት ትጮሃለች፤ አልታመመችም ብለህ ጻፍላት" ብላኛል። እንግዲህ እኅቴ፣ ከመኪና ስትወርጂ ቆማ ታገኚያታለሽ። አታልቅሺ። "እማ፣ አማረብሽ" በያት።

ታይቱ እጅ ነሥታለች። አጎታችን መንግሥቴ በሰላም ያገናኘን ብለዋል። መሐመድዘይንም አበረን ሰላም በልልኝ ብሏል። ገላነሽን ሁለቱን ጉንጯን ሳሚልን። ደብዳቤውን ለእማ ሳነብላት አዳምጣ ስትጨርስ "ኪሎዬን ለአበረ እንዳታነቢለት፤ አማች ይህን ማወቅ የለበትም" ብላሻለች።

ወንድምሽ አድማሴ
ወረታ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.